የተሳሳተ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ሂሳብን በወቅቱ ማሳረምና የብድር ታሪክን ከጉዳት መጠበቅ

ውጫሌ፦ በደቡብ ወሎ ዞን የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው የውጫሌ ከተማ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ከሐይቅ ከተማ በስተሰሜን ትገኛለች። ስሟ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተሳሰረው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም በአካባቢዋ በሚገኘው ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያው መልዕክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል በተፈረመው ውል ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በኢጣሊያንኛው ቅጂ የተለያየ ትርጉም ይዞ በመገኘቱ ያስከተለው ውዝግብ እስከ አድዋ ጦርነት መድረሱ ይታወቃል። አንድ ጉዳይ በሁለት ሰነዶች ላይ በተለያየ መንገድ ሲሰፍር ልዩነቱን በጊዜ መርምሮ በጽሑፍ ማሳወቅ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ የአካባቢው ታሪክ ምስክር ነው።

በዛሬው የዕለት ተዕለት ኑሮ ተመሳሳይ ልዩነት ከሚታይባቸው ጉዳዮች አንዱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ሂሳብ ነው። በቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ቆጣሪ አንድ ቁጥር ሲያሳይ፣ ለክፍያ የቀረበው ሂሳብ ሌላ ቁጥር ይዞ የሚመጣበት አጋጣሚ አለ። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር የመንግሥት ሠራተኛ ያልታሰበ ከፍተኛ ሂሳብ የወሩን በጀት ከማናጋት አልፎ የቤት ኪራይን፣ የልጆችን ትምህርት ቤት ክፍያና የብድር ተመላሽን የሚነካ ይሆናል። በመሆኑም ሂሳቡ እንዴት እንደሚሰላ፣ ስህተት ከየት እንደሚመነጭ፣ ቅሬታ እንዴት እንደሚቀርብና ጉዳዩ ከብድር መረጃ ጋር በምን መንገድ እንደሚገናኝ ማወቅ ተገቢ ነው።

አገልግሎቱን የሚሰጠው ተቋም

ሕዝቡ እስከ ዛሬ ድረስ በተለምዶ "መብራት ኃይል" እያለ የሚጠራው ተቋም በ1948 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በሚል ስያሜ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ መባቻ ጀምሮ ኮርፖሬሽን ሆኖ ሲሠራ ቆይቷል። በ2006 ዓ.ም ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ ኃይል የማመንጨትና በከፍተኛ መስመር የማስተላለፉ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለተጠቃሚው የማከፋፈልና የመሸጡ ሥራ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። ስለሆነም ቆጣሪን፣ ንባብንና ሂሳብን የሚመለከት ማንኛውም ጥያቄ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ዘርፉን የመቆጣጠር ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን ተሰጥቶ የነበረ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም የአስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ ይኸው ኃላፊነት ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተላልፏል።

ሂሳቡ እንዴት ይሰላል?

የኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚለካው በኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት 1000 ዋት ኃይል የሚወስድ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚጠቀመው መጠን ነው። የወሩ ፍጆታ የሚገኘው ከአሁኑ ንባብ ላይ ያለፈው ንባብ ተቀንሶ ሲሆን፣ ይህ መጠን በታሪፉ ተባዝቶ የአገልግሎት ክፍያና በሕግ የተጣሉ ሌሎች ክፍያዎች ይታከሉበታል።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ ነው። ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ታሪፉ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም ከተሻሻለ በኋላ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ በአራት ዓመት ውስጥ የሚጠናቀቅ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህም ምክንያት ሁለት ተከታታይ ሂሳቦች በፍጆታ እኩል ሆነው በብር ቢለያዩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ቅሬታ ከማቅረብ አስቀድሞ መመሳከር ያለበት የብሩ መጠን ሳይሆን የኪሎ ዋት ሰዓቱ መጠን ነው።

የእርከን አሠራር የንባብ መዘግየት የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳትም ይጠቅማል። ከ2011 ዓ.ም በፊት ሥራ ላይ የነበረውን ታሪፍ ለምሳሌ ብንወስድ፣ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት እያንዳንዳቸው በ0.2730 ብር፣ ቀጣዮቹ 50 በ0.3564 ብር፣ ከ100 በላይ እስከ 200 ያለው በ0.4993 ብር ይታሰቡ ነበር። በየወሩ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ለሦስት ወራት በየወሩ ቢነበብለት፣ የአገልግሎት ክፍያውን ሳይጨምር በድምሩ 40 ብር ከ95 ሳንቲም ይከፍላል። ሦስቱ ወራት ሳይነበቡ ቆይተው 150 ኪሎ ዋት ሰዓት እንደ አንድ ወር ፍጆታ ቢታሰብ ግን ሂሳቡ 56 ብር ከ43 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። ቤተሰቡ የተጠቀመው ኃይል ያው ሆኖ ሳለ ሂሳቡ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል ማለት ነው። የዋጋው መጠን ዛሬ የተለወጠ ቢሆንም የስሌቱ ትምህርት አልተለወጠም፤ የተጠራቀመ ንባብ ለየወሩ ተከፋፍሎ እንዲታሰብ መጠየቅ ለዚህ ነው።

በ2014 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ ወራት ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ደቡብ ወሎን ባዳረሰበት ወቅት መደበኛ የመንግሥት አገልግሎቶች ተቋርጠው እንደነበር ይታወሳል። እንዲህ ያለ መቋረጥ በሚያጋጥምበት ጊዜ ንባብ መጠራቀሙ የማይቀር በመሆኑ፣ አገልግሎቱ ሲመለስ የቆጣሪውን ቁጥር ከነቀኑ መዝግቦ መያዝ የደንበኛው የመጀመሪያ ጥበቃ ነው።

ስህተት ከየት ይመነጫል?

በሂሳብ ላይ የሚከሰቱ ስህተቶች በጥቂት መደቦች የሚጠቃለሉ ናቸው። የመጀመሪያው የቁጥር መገላበጥ ነው። ለማሳያ ያህል ያለፈው ንባብ 4312 ሆኖ የአሁኑ ንባብ 4382 መሆን ሲገባው 4832 ተብሎ ቢመዘገብ፣ 70 ኪሎ ዋት ሰዓት የነበረው ፍጆታ 520 ሆኖ ይወጣል። ይህ ዓይነቱ ስህተት በቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ከሂሳቡ ጋር በማስተያየት ብቻ ወዲያውኑ የሚታወቅ ነው።

ሁለተኛው በአሮጌ ቆጣሪዎች ላይ የሚታየው የነጥብ ስህተት ነው። በበርካታ የሜካኒካል ቆጣሪዎች ላይ በስተቀኝ ዳር በቀይ የተለየው አኃዝ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አሥረኛ ክፍልፋይ ነው። ይህ አኃዝ እንደ ሙሉ ቁጥር ከተነበበ ንባቡ አሥር እጥፍ ይሆናል። ሦስተኛው ግቢ ወይም ቤት ተዘግቶ በመገኘቱ ምክንያት በግምት የሚመዘገብ ንባብ ነው። አራተኛው በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ቆጣሪዎች የውል ቁጥር መቀያየር ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ አንዱ ጎረቤት የሌላውን ፍጆታ ሲከፍል ይቆያል። አምስተኛው የመኖሪያ ቤት ደንበኛን በንግድ ታሪፍ መመደብ ነው። ስድስተኛው የተከፈለ ሂሳብ በወቅቱ ባለመወራረዱ እንደ ውዝፍ ተቆጥሮ በሚቀጥለው ሂሳብ ላይ መታየቱ ነው። ሰባተኛውና ከሌሎቹ ያነሰ የሚያጋጥመው የቆጣሪው የራሱ ብልሽት ነው።

ሂሳቡ የሚሸፍናቸው ቀናት ብዛትም መታየት ይኖርበታል። በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ጊዜ ጳጉሜን ጨምሮ ከ30 ቀን በላይ ከሆነ፣ ወይም የበዓል ሰሞን ከሆነ፣ የፍጆታው ከፍ ማለት ተገቢ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ማጣራት

ቅሬታ ከመቅረቡ በፊት ደንበኛው በራሱ ሊያከናውናቸው የሚችሉ ቀላል ማጣራቶች አሉ። የመጀመሪያው የቤቱን ፍጆታ መገመት ነው። የእንጀራ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሁለት ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር ወደ 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል። አራት ባለ 10 ዋት አምፖሎች በቀን አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 6፣ ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን በቀን አምስት ሰዓት ቢሠራ 12፣ በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የሚወስድ ማቀዝቀዣ ደግሞ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል። ድምሩ ከመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ይህን ያህል ዕቃ ብቻ ላለው ቤት 500 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚል ሂሳብ ከመጣ መጠየቅ አስፈላጊ ይሆናል።

ሁለተኛው ማጣራት በቤቱ ያለውን ዕቃ በሙሉና ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ ቆጣሪውን መመልከት ነው። ዋናው ማጥፊያ ጠፍቶም ቆጣሪው መቁጠሩን ከቀጠለ በመስመሩ ላይ የተጠለፈ ሌላ ተጠቃሚ ወይም የቆጣሪ ችግር መኖሩን ያመለክታል። ማጥፊያው ሲጠፋ ቆጣሪው ቆሞ፣ ዕቃዎቹ እንደጠፉ ማጥፊያው ሲከፈት ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ግን ችግሩ በቤቱ ውስጣዊ መስመር ላይ በመሆኑ በባለሙያ መታየት ይኖርበታል። ሦስተኛው ኃይሉ የታወቀ አንድ ዕቃ ብቻ ለአንድ ሰዓት አብርቶ የቆጣሪውን ጭማሪ ከዕቃው ኃይል ጋር ማነጻጸር ነው።

በዚህ ሁሉ ሂደት የቆጣሪውን ማኅተም መንካት፣ ክዳኑን መክፈት ወይም መስመር ማዛወር ፈጽሞ አይገባም። ድርጊቱ በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ትክክለኛ ቅሬታ ያለውን ደንበኛ ተጠያቂ ያደርገዋል።

የቅሬታ አቀራረብ

ማጣራቱ ስህተት መኖሩን ካመለከተ ቅሬታው ውሉ ለሚገኝበት የደንበኞች አገልግሎት መስጫ ማዕከል በጽሑፍ መቅረብ ይኖርበታል። በተቋሙ የ905 ነፃ የጥሪ ማዕከል በስልክ ማሳወቅ ጠቃሚ ቢሆንም የጽሑፍ ማመልከቻን አይተካም። ማመልከቻው የውል ባለቤቱን ሙሉ ስም፣ የውል ቁጥሩን፣ የቆጣሪውን ቁጥር፣ ቅሬታ የቀረበበትን ወር፣ በሂሳቡ ላይ የሰፈረውን ንባብ፣ በቆጣሪው ላይ የታየውን ንባብ ከነቀኑና የሚጠየቀውን ውሳኔ ለይቶ የሚገልጽ ሊሆን ይገባል። "ሂሳቡ በዝቶብኛል" ከሚል ጥቅል አቤቱታ ይልቅ "ንባቡ 4832 ተብሎ የተመዘገበው 4382 ተብሎ ይታረምልኝ" የሚል ጥያቄ ቶሎ መልስ ያገኛል። የቆጣሪው ፎቶግራፍ፣ ያለፉት ወራት ሂሳቦችና የክፍያ ማረጋገጫዎች ተያይዘው፣ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ተደርጎበት በእጅ መያዝ አለበት።

ክፍያን በተመለከተ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። በአንድ በኩል ቅሬታ መቅረቡ ብቻውን የክፍያውን ቀነ ገደብ እንደሚያቆም አድርጎ መቁጠር አይገባም፤ ይልቁንም ማጣራቱ እስኪጠናቀቅ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥና በመካከሉ የሚከፈለው መጠን እንዲወሰን በዚያው ማመልከቻ መጠየቅ ይሻላል። በሌላ በኩል መቋረጥን በመስጋት ሙሉውን የሚከፍል ደንበኛ የከፈለው መብቱን ጠብቆ መሆኑን በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሆኖም አውቆና በፈቃዱ የከፈለ ሰው በዚህ መብት ለመጠቀም ሊቸገር ስለሚችል፣ አስቀድሞ የተጻፈ ተቃውሞ ትልቅ ዋጋ አለው።

በማዕከሉ መልስ ያላገኘ ደንበኛ ጉዳዩን በየደረጃው ወደ ዲስትሪክትና ወደ ክልል ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ዘርፉን ወደሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላል። የአስተዳደር በደል ደረሰብኝ የሚል አቤቱታ ደግሞ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። በየደረጃው የቀደመው ማመልከቻ ቅጂና የተሰጠው መልስ ተያይዞ መቅረቡ ጉዳዩ እንደገና ከመነሻው እንዳይጀመር ያደርጋል።

የቅድመ ክፍያ ወይም የካርድ ቆጣሪ ያላቸው ደንበኞች የንባብ ስህተት ባይገጥማቸውም፣ ካርድ ሲሞሉ በአሮጌ ውዝፍ ስም ገንዘብ የሚቀነስበት ሁኔታ ሊያጋጥማቸው ይችላል። በመሆኑም አሮጌው ቆጣሪ በአዲስ ሲተካ የመጨረሻው ንባብ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ መመዝገቡን ማረጋገጥ ይገባል። ከፍጆታ በታች የመጣ ሂሳብም ቢሆን ስህተት ነው፤ ዛሬ ሳይገለጽ ያለፈው ልዩነት ነገ ተጠራቅሞ መምጣቱ ስለማይቀር በጊዜ ማሳወቁ ለደንበኛውም ይጠቅማል። በብሪታንያ የዘርፉ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣው ደንብ በአቅራቢው ስህተት ሳይጠየቅ የቆየን ፍጆታ ከ12 ወራት ወደኋላ ሄዶ ማስከፈልን መከልከሉ ችግሩ በሌሎች አገሮችም ያለ መሆኑን ያሳያል።

ከብድር ታሪክ ጋር ያለው ግንኙነት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከልን አቋቁሞ በመመሪያ ያስተዳድራል። ማዕከሉ የሚሰበስበው አበዳሪዎች ስለ ተበዳሪዎቻቸው የሚልኩትን የብድር መረጃ ሲሆን፣ ተበዳሪው የሚለየው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ነው። አንድ ባንክ አዲስ ብድር ከመፍቀዱ በፊት ይህንን መረጃ ይመለከታል። የኤሌክትሪክ ሂሳብ የአገልግሎት ክፍያ እንጂ ብድር አይደለም። ይሁን እንጂ የተሳሳተ ሂሳብ የብድር ታሪክን የሚጎዳባቸው ተዘዋዋሪ መንገዶች አሉ።

ዋነኛው መንገድ የገንዘብ እጥረት ነው። የኤሌክትሪክ ክፍያ በአሁኑ ጊዜ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክና በቴሌ ብር የሚፈጸም በመሆኑ፣ ደመወዝ የሚገባበት፣ ብድር የሚቆረጥበትና ሂሳብ የሚከፈልበት ሂሳብ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ያልታሰበ ከፍተኛ ክፍያ ከዚህ ሂሳብ ላይ ሲወጣ የብድሩ ወርኃዊ ተመላሽ ይጎድላል። በባንኮች አሠራር ተመላሹ ለ90 ቀናት ያለፈበት ብድር ወደ ተበላሸ ብድር ምድብ ይገባል። በክልሉ በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች ከቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም በ2014 ዓ.ም ወደ ባንክነት ካደገው ከዛሬው ፀደይ ባንክና ከሌሎች አበዳሪዎች በደመወዛቸው ተበድረዋል፤ ሌሎችም ለባልደረቦቻቸው ዋስ ሆነዋል። በአንድ ሰው ላይ የሚደርስ የክፍያ መጓደል ስለዚህ ዋሱንም የሚነካ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኃይሉ ራሱ በብድር የተገዛ ሲሆን ነው። ከዋናው መስመር ርቀው በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎችን በአነስተኛ ብድር የሚገዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ለዚሁ ዓላማ ከዓለም ባንክ የተገኘ ገንዘብ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ሲለቀቅ ቆይቷል። በዚህ ሁኔታ ወርኃዊው ክፍያ የብድር ተመላሽ ስለሆነ በአከፋፈሉ ላይ የሚፈጠር የምዝገባ ስህተት በቀጥታ የብድር መረጃ ስህተት ይሆናል። ሦስተኛው ከ2014 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ እንደ ቴሌ ብር መላ ያሉ በሞባይል የሚሰጡ አነስተኛ ብድሮች መስፋፋታቸው ነው። የመብራት ሂሳብ ለመክፈል ተወስዶ የተረሳ ጥቂት ገንዘብ በአበዳሪው መዝገብ ላይ ያልተመለሰ ብድር ሆኖ ይቀራል።

ስለሆነም ትልቅ ሂሳብ የመጣበት ተበዳሪ ተመላሹ ከመጓደሉ በፊት ለአበዳሪው ባንክ በጽሑፍ ማሳወቅና የአከፋፈል ማስተካከያ መጠየቅ ይኖርበታል። በብድር መረጃው ላይ ስህተት መኖሩ ከታወቀ እርማቱ የሚጀምረው መረጃውን ወደ ማዕከሉ ካስገባው አበዳሪ ነው። ደንበኛው የክፍያ ማረጋገጫውን አያይዞ እርማት እንዲደረግና ስለ እርማቱ በጽሑፍ እንዲገለጽለት መጠየቅ ይችላል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ትክክል ያልሆነ የግል መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብትን ያረጋገጠ መሆኑም ተጨማሪ ድጋፍ ነው። እ.ኤ.አ በ1970 በወጣው የአሜሪካ የብድር መረጃ ሕግ መሠረት ቅሬታ የቀረበበት መረጃ በአብዛኛው በ30 ቀናት ውስጥ መጣራት ያለበት መሆኑ፣ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ጊዜ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያመለክታል።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

ጉዳዩ የግለሰብ ብቻ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የኤሌክትሪክ ደንበኞች በመሆናቸው፣ የፋይናንስና የንብረት አስተዳደር ኃላፊዎች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ንባቡን ከቆጣሪው ጋር የማመሳከር ግዴታ እንዳለባቸው ሊገነዘቡ ይገባል። በሰኔ ወር መጨረሻ ሳይጣራ የተከፈለ ወይም ሳይከፈል ያደረ ሂሳብ በሐምሌ 1 ቀን ለሚጀምረው የበጀት ዓመት ችግር ሆኖ ይሻገራል። የመንግሥት ቤት የሚያስረክብና የሚረከብ ሠራተኛ፣ እንዲሁም አከራይና ተከራይ፣ በርክክቡ ዕለት የቆጣሪውን ንባብ በሰነዱ ላይ አስፍረው ሊፈራረሙ ይገባል። ውሉ በአከራዩ ስም ሆኖ ፍጆታው የተከራዩ በሚሆንበት ጊዜ ከዚህ አንድ መስመር ጽሑፍ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ቅሬታ የሚቀበለው ሠራተኛም በፊቱ የቀረበው ቁጥር የአንድ ቤተሰብ የወር መተዳደሪያ መሆኑን አስቦ ማመልከቻውን መዝግቦ መቀበል፣ ቀን ቆርጦ ቆጣሪውን ማየትና ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ መስጠት ይጠበቅበታል። ደንበኛው ደግሞ በየወሩ በአንድ በተወሰነ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በደብተር ቢመዘግብ፣ ሥራው የደቂቃዎች ብቻ ሆኖ ስህተቱ ሳይጠራቀምና ከሂሳብ ወደ ዕዳ፣ ከዕዳም ወደ ብድር መዝገብ ሳይሻገር ለማሳረም ያስችለዋል።